የሚያልበው ግድግዳ

ጥቅምት 6 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ የልጅ ልጅ፣ ለጭራሮ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። እኔ ጉልበቴ ከመንቋቋቱና ዓይኔ ከመፍዘዙ በቀር ወዳጅ ደስ እንዲለው፣ ጠላት ቅር እንዲለው ሆኜ አለሁ። ፈጣሪ ባለህበት ይጠብቅህ፤ የጨበጥከውን አፈር ወርቅ ያድርግልህ።

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ፊደሉ ቢንጋደድ ብዕሩ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ጡረታ የወጣው አስተማሪ «ልጻፍልህ፣ መዶሻ» ብሎኝ ነበር። አርባ ዓመት ድንጋይ ቀጥ አድርጌ የደረደርኩ ግንበኛ ፊደል መደርደር አያቅተኝም ብዬ አሰናበትኩት።

ባለቤቴ የሞተች ጊዜ በስልክ የሚያለቅስ ክብ ፊት ልከህልኛል። እሱን እንደ ለቅሶ አልቆጠርኩትም። እናትህ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በጓዳችን ታማ ስትተኛ ገላዋን ያጠበቻት፣ ጀርባዋን ያገላበጠቻት ባለቤቴ ናት። አንተ ያኔም ሥራ አይለቁኝም ብለህ ቀረህ። ነገሩን የማነሳው ለወቀሳ አይደለም፤ ለወቀሳ ቢሆን ሌላ ወረቀት ያስፈልገኝ ነበር።

አንድ ነገር ልንገርህ። የባለቤቴ አልጋ የነበረበት ግድግዳ፣ እኔው በእጄ የገነባሁት፣ ካለፈው ክረምት ወዲህ ድምፅ ያሰማል። ከንፈሩን ገጥሞ የሚያንጎራጉር ሰው ይመስላል። ይጀምራል፣ ይቆያል፣ ቀጥ ይላል። እሷ ልብስ ስታጣጥፍ እንደዚያ ታንጎራጉር ነበር። እኔ ፈሪ አይደለሁም፤ ግን ድምፁ ሲጀምር ማንኪያዬን አስቀምጣለሁ።

ከግድግዳው ባሻገር ያለው ሥጋ ሻጭ ነው። እሱን አላናግረውም። ሬሳዋ ሳይወጣ አጥንት መቁረጫ መጋዙን ያስጮኸ ሰው ነው። ሰላም ሲለኝ ሰማይ አያለሁ።

የማንበቢያ መነጽር ላክልኝ፤ ወፍራሙን።

መዶሻ

ጥቅምት 30 ቀን

ለተከበሩት ጋሼ፤

እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ጥላዎ አይጉደልብን። ስለ እትዬ በወጉ አለመጻፌን ይቅር ይበሉኝ። መጋዘን ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ሳጥን አነሳለሁ፣ ሳጥን አወርዳለሁ፤ ከዚያ አንዲት ክፍሌ ገብቼ በሬን እዘጋለሁ። የሚቀረኝ ጌሙ ብቻ ነው። እርስዎ ጨዋታ ይሉት ይሆናል፤ በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ አንድ ሰው አለ፣ እኔ አስኬደዋለሁ፣ እሱ የሚያየውን አያለሁ።

ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ጸጉሬ ቆመ። በጌሙ ውስጥ ከመሬት በታች የሰመጠች ከተማ አለች። በቤቶቿ ግድግዳ ውስጥ ጠሪዋ የምትባል ትኖራለች። መጀመሪያ ግድግዳው ያንጎራጉራል። ቀጥሎ ይቀዘቅዛል። በመጨረሻ ያለቅሳል፤ ውኃ ያወጣል።

ጌሙን የሠሩት ሰዎች ይህን ከባዶ አላመጡትም። በዓለም ላይ ከየት እንደሚመጣ ያልታወቀ እምምታ፣ እምም የሚል ድምፅ፣ ሰዎች ሌት ተቀን የሚሰሙባቸው ከተሞች አሉ። በደረቀ ሐይቅ ላይ ሰው ያልነካቸው ድንጋዮች ዱካ እየተዉ ይሄዳሉ። በረግረግ ላይ ሰው ሲቀርባቸው የሚሸሹ መብራቶች ይታያሉ። ሦስቱም ጌሙ ውስጥ አሉ። የሚሄደው ድንጋይ የጠሪዋ እግር ነው፤ መብራቱ ዓይኗ ነው፤ እምምታው ደግሞ ሳትጨርሰው የቀረ ቃሏ ነው።

እባክዎ ግድግዳውን በመዳፍዎ ይንኩልኝ። ይቀዘቅዛል? ያልበዋል? መልሱን በእጅ ጽሑፍዎ ይላኩልኝ፤ በስልክ አይደውሉ። ፊደልዎን ወድጄዋለሁ።

ጭራሮ

ኅዳር 19 ቀን

ይድረስ ለጭራሮ፤

ጤና ከአንተ ጋር ይሁን። እኔ ደህና ነኝ፤ መነጽር ግን አላየሁም።

ድንጋይ በራሱ የሚሄድ ቢሆን ኖሮ እኔ ወገቤ እስኪጎብጥ ባልተሸከምኩት። ስለሚሸሽ መብራትም አትንገረኝ፤ የእኛ ሰፈር መብራት ሰው ሳይቀርበውም ይሸሻል። ይህን ሁሉ ለአስተማሪው ባጫውተው፣ ልጁ ሥራ ፈቷል አለኝ። እኔም ሳጥን እያነሳ ነው ብዬ ተሟገትኩልህ።

ቢሆንም ግድግዳውን ነካሁት። አንተ ስላልክ አይደለም፤ ግድግዳው የእኔ ስለሆነ ነው። ግንበኛ ግድግዳ ሲጠረጥር በመዶሻ እጀታ ያንኳኳና ጆሮውን ይለጥፋል። ድፍን ከሆነ ድምፁ አጭር ነው፤ ባዶ ከሆነ ይረዝማል። እኔ ያን ግድግዳ ድፍን አድርጌ ነው የገነባሁት። አንኳኳሁ። ረዘመብኝ። ጆሮዬን ስለጥፍ ቅዝቃዜው እስከ መንጋጋዬ ገባ። ሸሚዜ ትከሻው ላይ ረጥቦ ተነሳሁ።

ያልበዋል፣ ጭራሮ። ፀሐይ አናት በምትበሳበት ቀን ያልበዋል። ድምፁም ሙቀቱ ሲበረታ ይበረታል።

አሁን የምጽፍልህን ለማንም አልነገርኩም። ባለቤቴ ልታርፍ ስትል እጄን ያዘችና «አንተ እኮ…» ብላ ጀመረች። ሳሉ ቀማት። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም። «አንተ እኮ» ብሎ የሚጀምር ነገር ምርቃትም ይሆናል፣ ስድብም ይሆናል። ከእሷ ጋር ብዙ ኖሬያለሁና ሁለቱንም ታውቅበታለች። ቁጭ ብዬ ስጨርስላት እውላለሁ፤ ያልኩት ሁሉ የእኔ እንጂ የእሷ አይመስለኝም።

ቃሏን ሳትጨርስ የቀረችው ብለሃል። ጌሙ እንዴት ያስጨርሳታል? ጠይቅና ጻፍልኝ።

መዶሻ

ታኅሣሥ 14 ቀን

ለተከበሩት ጋሼ፤

ሰላምዎ ይብዛ፤ ክፉ አይንካዎ።

በጌሙ ሕግ ጠሪዋ የምትናገረው ለሚያናግራት ብቻ ነው። ከደብዳቤው ጋር ይህችን ትንሽ መሣሪያ ልኬልዎታለሁ፤ ድምፅ መቅጃ ናት። ቀዩን ነገር ይጫኑና ከግድግዳው ያስጠጓት። ከዚያ እትዬን በቤት እንደሚያናግሯት ያናግሯት። በሰው ፊት የማይሉትን ይበሉ። ጆሮ የማይለየውን መልስ እኔ እዚህ ባለኝ መሣሪያ አጥርቼ እሰማዋለሁ።

አንድ ሌላ ሕግ አለ። ጠሪዋ የምትፈልገውን ሰው ሦስት ጊዜ ትጠራለች። ተጠርቶ ያልመለሰ ሰው፣ ብርዱ ከግድግዳው ተነስቶ እሱ ወዳለበት ቤት ይሄድበታል፤ ባሕር ማዶም ቢሆን። ስለዚህ ከጠራችዎ ዝም እንዳይሉ።

መነጽሩን አልረሳሁም።

ጭራሮ

ጥር 9 ቀን

ይድረስ ለጭራሮ፤

እግዜር ያክብርህ።

አደረግሁት። በሩን ቆልፌ፣ አልጋው በነበረበት ቦታ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አናገርኳት። መጀመሪያ አፈርኩ፤ ግድግዳ የሚያናግር ሰው አይቼ ባውቅ ኖሮ ያኔ በሳቅኩበት። ከዚያ ድምፁ ሲጀምር አፌ ተፈታ። ምን እንዳልኳት አንተን አይመለከትህም። የባልና የሚስት ነገር ነው። ቃሌን እለፈውና የእሷን ብቻ ስማ። ይህን እንደ አደራ እሰጥሃለሁ፤ አደራ በል ደግሞ ሞኝ እንኳ ያውቀዋል።

መቅጃዋን ወደ እናንተ አገር ለሚሄድ መንገደኛ ሰጥቻለሁ። በጨርቅ ጠቅልያታለሁ። ጨርቁ የእሷ ነው፤ መልሰው።

የተናገረችውን ፈጥነህ ጻፍልኝ። ምግብ አልወርድ ብሎኛል።

መዶሻ

የካቲት 2 ቀን

ጋሼ፤

በጣም ጥሩ ነው። ከጠበቅነው በላይ ነው። ድምፁ ውስጥ ቃል አለ፤ ነገር ግን ግንቡ አፍኖታል። አልወጣም። በጌሙ የመጨረሻው በር የሚከፈተው በቤቱ ባለቤት እጅ ነው፤ ሌላ ሰው ቢከፍተው ጠሪዋ ትጠፋለች። ይክፈቱት፣ ጋሼ። ባንኳኩበት ጊዜ የረዘመብዎት ቦታ ላይ ይክፈቱት። የሚያዩትን እንዳለ ይጻፉ፤ እጅዎ ቢንቀጠቀጥም አያስተካክሉት። ሁላችንም እየጠበቅን ነው።

ጭራሮ

መጋቢት 17 ቀን

ጭራሮ፤

ከፈትኩት።

ጣሪያው እንዳይወርድ ምሰሶ አስገብቼ፣ ድንጋዩን ከአናቱ ጀምሬ አንድ በአንድ አወረድኩ። ከወዲያ ጨለማ ነው። ብርዱ የዚህ ዓለም ብርድ አይመስልም፤ ትንፋሼ ሲጨስ አየሁት። እምምታው አጠገቤ ሆነ።

ባለቤቴ አልነበረችም። የጠበቅኩት ያ ስለነበር ደጋግሜ በስሟ ጠራኋት። የመለሰችልኝ ሌላ ናት። አፍንጫዋ እንደታፈነ የምትናገረው፣ ቃል ስትጨርስ የምትጎትተው፣ የአንተ እናት ናት። «ጭራሮ መጣ?» አለች። ዝም አልኩ፤ እኔን አልጠራችማ። እንደገና «ጭራሮ መጣ?» አለች። አልመጣም፣ ሥራ ይዞታል አልኳት። ቆየችና አንድ ጊዜ ደገመችው።

ሦስት ጊዜ ማለት ነው። ሕጉን የጻፍክልኝ አንተ ነህ፤ ምን ይሻልሃል?

መዶሻ

መጋቢት 27 ቀን

ጋሼ፣ እባክዎ፤

ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። በእርግጥ ሰምተዋል? የሰሙት እትዬን ሊሆን አይችልም? ጌም እኮ ነው፣ ጋሼ። የጻፍኩልዎ ሁሉ ሰዎች ተቀምጠው የፈጠሩት ጨዋታ ነው። ድንጋዮቹ በበረዶና በነፋስ ነው የሚሄዱት፤ ተደርሶበታል። እኔ ራሴ አላመንኩትም ነበር።

ደብዳቤውን ካነበብኩ ወዲህ ክፍሌ ውስጥ እምምታ አለ። ከማቀዝቀዣው እንደሆነ አውቃለሁ። ሶኬቱን ነቀልኩት፤ ግን አሁንም እሰማዋለሁ። ከግድግዳው ርቄ ልተኛ አልጋዬን ወደ መሐል ጎተትኩት። ትናንት ሥራ ላይ አንዱ ከኋላዬ ሲጣራ የያዝኩትን ሳጥን ለቀቅሁት።

እናቴ ስትሞት ያልመጣሁት ሥራ ስላልለቀቁኝ አይደለም። ያን ፊቷን ማየት ፈርቼ ነው። ለማንም ብዬው አላውቅም። ሐሰት ነው ብለው ይጻፉልኝ። አንድ ቃል ይበቃኛል።

ጭራሮ

ሚያዝያ 11 ቀን

ጭራሮ፤

አንተም አንድ ቃል ፈለግህ። ደግ ነው፤ አሁን እንግባባለን።

ደብዳቤዎቼን ለማን እያሳየህ እንደምታነብ ሰው በስልኩ አሳይቶኛል። እንደኔ ድምፅህን እያንቀጠቀጥክ፣ ፊደሌ የተንጋደደበት ጋ እያቆምክ፣ «የዛሬው ሽማግሌያችን ምን ይላል?» እያልክ። ሰው ከየአገሩ ከሥር እየጻፈ ይስቃል። እሱን እንኳ ባለፍኩት። ለባለቤቴ የነገርኳትን ግን አወጣኸው። «አንቺ፣ ሸሚዜን ማን ይቆልፍልኛል፣ ጣቴ እንቢ ብሏል» ያልኩትን ዜማ አስገብተህ አዘፈንከው። ትናንት ዳቦ ልገዛ ስሰለፍ ሁለት ጎረምሶች ከኋላዬ «ሸሚዜን ማን ይቆልፍልኛል» አሉ። ዘወር አላልኩም። ሸሚዜ ያኔም አንገቱ ጋ ክፍት ነበር።

የእናትህን ነገር እውነቱን እነግርሃለሁ። ቃሌ ቃል ነው፤ ሰፈሩ ያውቃል። አስቀድመህ ግን በዚያው ሰው በተሰበሰበበት ቦታ፣ በገዛ አፍህ፣ ያለ ጨዋታ፣ «የቤቴን ሽማግሌ አታለልኩ፤ አደራውን በላሁ» በል። ጉዳዬ ይኸው ነው።

መነጽሩን ተወው። ማየት የሚገባኝን አይቻለሁ።

መዶሻ

ሚያዝያ 28 ቀን

ለተከበሩት ጋሼ፤

ዕድሜዎ ይርዘም። እግርዎ ላይ ወድቄ ነው የምጽፈው።

እንዳሉኝ አደረግሁ። ጌሙን አጥፍቼ፣ መብራት አብርቼ፣ ፊቴን አሳይቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። የእርስዎን ግድግዳ፣ የእትዬን ያልተጨረሰ ቃል፣ አደራውን፣ እናቴን። እያለቀስኩ ነበር የነገርኳቸው። አለቃቀስህ ድንቅ ነው አሉኝ። ከእስካሁኑ ክፍል ሁሉ ይኼኛው በለጠ አሉ። እውነት ነው እኮ ብዬ ስምል ባሰባቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ተመልካቹ በዝቷል፤ ሽማግሌው ምን ብሎ እንደሚመልስ እንዲነገራቸው ይጠይቁኛል። ሁሉንም ዘግቼ ወጥቻለሁ። ሌሎች ቀድተው ወስደውታል፤ እሱን መመለስ አልችልም።

ጨርቁን በዚህ ፖስታ መልሻለሁ።

እምምታው አልተወኝም። ሥራ ከሄድኩ ቆየሁ። እናቴ ጠርታኝ እንደሆነ፣ አልጠራችኝም እንደሆነ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። የፈለጉትን ይርገሙኝ፤ ይህን ብቻ ይንገሩኝ።

ጭራሮ

ግንቦት 14 ቀን

ይድረስ ለጭራሮ፤

ጨርቁ ደርሷል። ቃል ገብቻለሁና እነሆ እውነቱ።

ግድግዳውን ስከፍት ድንጋዩን አውርጄ ክንዴ የሚያስገባ ቀዳዳ አገኘሁ። ብርድ ፊቴን መታኝ። ባለቤቴን ጠራኋትና እጄን ሰደድኩ። የሆነ ገላ ነካሁ። ቀዝቃዛ፣ እርጥብ፣ ለስላሳ። ያዝኩትና «መጣሁ፣ ይኸው መጣሁ፤ ጨርሺልኝ» አልኩት። ግንባሬን ከድንጋዩ አስደግፌ እየማልኩ፣ እያለቀስኩ፣ እየደባበስኩት ቆየሁ። ከዚያ ከወዲያ በኩል መብራት በራ። የያዝኩት የበሬ ጭን ነው፤ በሜንጦ ተሰቅሏል። ከጀርባው አንድ ትልቅ ሞተር እምም ይላል።

ሥጋ ሻጩ ነጭ ካፖርቱን እንደለበሰ ቢላ ይዞ ቆሟል። አየኝ፤ ጭኑን አየ፤ እንደገና አየኝ። «ጋሽ መዶሻ፣ ሥጋ የፈለጉ እንደሆነ በበሩ ይግቡ እንጂ» አለ።

ካለፈው ክረምት ጀምሮ ከኔ ግድግዳ ሥር ማቀዝቀዣ ክፍል ሠርቶ፣ የእኔን ድንጋይ ከወዲያ በኩል ፈልፍሎ አሳስቶት ኖሯል። የሚያንጎራጉረው እሱ፣ የሚያልበው እሱ። ሊያስፈቅደኝ በመጣ ቁጥር ሰማይ እያየሁ አልፌዋለሁ። አንድ ቀን «ምንድን ነው ይኼ ድምፅ?» ብዬው ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። አልጠየቅሁትም፤ ዛሬም ቢሆን አልጠይቀውም ነበር። ሰው በኩርፊያው ይጸናል።

የሥጋ ሻጩ ልጅ ሚስት ጩኸቴን ሰምታ ወረደች። ስታየኝ አፏን ያዘችና «የስልኩ ሽማግሌ!» አለች። አንተን በስልኳ ያሳየችኝ እሷ ናት። ሳቁ ሲበዛ ስልኩን ከእጇ ቀምቶ ያጠፋው ግን ሥጋ ሻጩ ነው።

እንግዲህ ከግድግዳው ውስጥ የጠራህ የለም። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ብርዱ እንዲይዝህ ፈልጌ ነው፤ ይዞህ ከሆነ ሥራዬ ተሳክቷል።

ይህን ካልኩ ሙሉውን ልበልህ። ባለቤቴ ይህን ነገር ለልጁ እንዳትነግር ብላ አስምላኝ ነበር። መሐላዋን ዛሬ እበላለሁ፤ አንተም በልተሃልና በልተን እንደር።

እናትህ በመጨረሻ ቀኖቿ ብዙ ተጣራች። ውኃ ጠራች። ባለቤቴን ጠራች። የሞተች እናቷን፣ የሸጠችውን ቤት ተከራይ፣ ልጅ ሳለች የነበረቻትን ድመት ሳይቀር በስም ጠራች። አንተን አልጠራችም። ባለቤቴ ጨንቋት ከራስጌዋ ጎንበስ ብላ፣ ጭራሮን በስልክ ላገናኝሽ ወይ አለቻት። እናትህ ዓይኗን ገልጣ ትንሽ አሰበች። ያን ሰዓት ሥቃይ አልነበረባትም፤ አእምሮዋም ልክ ነበር፤ እኔን በስሜ ጠርታ ትራሷን አስተካክል ያለችኝ ከዚያ በኋላ ነው።

«የማን ልጅ ነው?» አለች።

አይዞህ፤ የሚጠራህ የለም። ተኛ።

መዶሻ